በጆሮ የተነበበው ሰሌዳ

ይድረስ ለማከብርዎት እትዬ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ አዲሱ የሥራ ቦታዎስ ለመደዎት? እዚህ ሁሉም ደህና ነው፤ እኔ ግን ደህና ነኝ ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። አምስት ወር ሙሉ ሳልጠይቅዎ የቀረሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት እርስዎ እስከ ተዛወሩበት የተማሪዎች መኝታ ልብስ መጋዘን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አፍሬ ነው እትዬ።

ሃያ ዓመት መጻሕፍቱን የማውቃቸው በቀለማቸውና በውፍረታቸው ነበር። የጀርባቸውን ቁጥር ማንበብ ካቃተኝ ቆይቷል። ቤተ መጻሕፍቱ ወደ አዲሱ ፎቅ ሲዛወርና ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ወረቀት፣ የጉንዳን እግር የሚያክል ቁጥር ሲለጠፍባቸው ቀኑ ጨለመብኝ። ለማንም አልተነፈስኩም። ማየት የማትችል መጽሐፍ ደርዳሪ ማን በሥራ ላይ ያስቀምጣል ብዬ እየገመትኩ እሰካ ጀመር።

የሠራተኞች ክሊኒኩን ዓመታዊ ምርመራ እንዴት አልፍ እንደነበር ልናዘዝ። ወረፋው በሩ ሥር ነው፤ የገባው ሁሉ የዓይን ሰሌዳውን ጮክ ብሎ ያነባል። እኔ ሆን ብዬ ስምንተኛ እሰለፋለሁ። ሰባት ሰው እስኪወጣ የመጨረሻዋን መስመር ሳትቀር ሸምድጃታለሁ። ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ እገባና አንድም ሳልስት አነባለሁ፤ ነርሷም ጎበዝ ብላ ትፈርምልኛለች።

የዚያች የሕክምና ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ብቸኛ ቅጂ የጠፋ ጊዜ ቆጠራ ተደረገ፤ በእኛ ክፍል መቶ አርባ መጽሐፍ ያለቦታው ተገኘ። የፈረቃው ኃላፊ እርስዎ ነበሩና አጣሪ ኮሚቴው ዕድሜ ነው፣ ዓይናቸው ደክሟል አለ። እኔ ከጎንዎ ተቀምጬ ነበር። እርስዎ ይሆናል ከማለት በቀር አንድ ቃል አልጨመሩም። መጽሐፍ ከቦታው ከጠፋ ሞቷል፣ ልዩነቱ ለቅሶ የሚደርሰው የለም እያሉ እየቀለዱ ሥራ ያስተማሩኝ ሰው አንሶላና ብርድ ልብስ ሊቆጥሩ ሲወጡ፣ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ የማስር መሰልኩ። ጫማዬ እኮ ማሰሪያ የለውም!

ባለፈው ሳምንት የምርመራዬ ቀን ደረሰ። ዘንድሮ ወረፋ ቀርቶ በቀጠሮ ሆኗል። ምን ገዶኝ፣ በቃሌ አለ ብዬ ገባሁና ከላይ እስከ ታች አወረድኩት። ነርሷ ቀስ ብላ፣ ያነበብሽው የአምናውን ሰሌዳ ነው አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አትደንግጪ ብላ ውሃ ሰጠችኝ። ከቤተ መጻሕፍት አንዲት ትልቅ ሴት መጥተው፣ ሠራተኛው በጆሮው ነው የሚያነብላችሁ፣ ሰሌዳውን ቀይሩ፣ ወረፋውንም ከበሩ አርቁ፣ የምትጎዳ ሰው አለች ብለው ለምነዋት እንደነበር ነገረችኝ። ስሟን ንገሩኝ ብትላቸው የልጆች እናት ናት ብለው እምቢ አሉ። መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት። ወሩን ስትነግረኝ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ኮሚቴው ገና አልተቀመጠም ነበር። ሴትየዋ ማን እንደሆኑ አልጠየቅኩም።

መነጽር ታዘዘልኝ። አድርጌው መጀመሪያ የሄድኩት ወደ መደርደሪያዬ ነው። የማሕፀን ሕክምናው መጽሐፍ ከንብ እርባታ መጻሕፍት መሀል ቆሟል። በቆጠራው ያልታየውን የተማሪዋንም ጽሑፍ ከሁለት ወፍራም የመንገድ ሥራ መጻሕፍት መሀል፣ እኔው በእጄ ከሰካሁበት አወጣሁት። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ዛሬ ጠዋት ሁሉንም ጽፌ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሰጠሁ። አንብበው ሲጨርሱ ነገ ኮሚቴው ሁለታችሁንም ይጠራል አሉ። እኔን ያሰናብቱኝ ይሆናል፤ ይገባኛል። አንድ ነገር ብቻ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፤ ነገ ሲጠይቁዎት የሚያውቁትን ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ይናገሩ። ከእንግዲህ ለእኔ ብለው ዝም አይበሉ።

የልጆችዎን ደስታ ያሳይዎ፤ ክፉ አይንካብኝ።

በደሏ የከበዳት፣
በሥራ ያሳደጓት ታናሽ እህትዎ