አባባ ያዩት ቲያትር

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለዘርአ ዳዊት፣

እንደምን ከርመሃል? ያ ጉሮሮህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ? ባለቤትህ አስካለማርያምስ እንዴት ናት? ሕፃኗ ዳዴ ማለት ጀመረች? እኛ ከውርጩ በቀር የምናማው የለንም፣ ተመስገን። የምነግርህን ነገር በስልክ ብጀምረው መሐል ላይ እንባ ስለሚቀድመኝ መጻፉን መረጥኩ።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት የሬዲዮ ጋዜጠኛ ከአዲስ አበባ ጎረቤላ ድረስ መጥታ ቤታችንን ጠይቃ ገባች። በሠላሳ ዓመቱ ሽማግሌ ሆኖ ሲጫወት አገር የሚያምነው ሰው እርጅናን ከማን ተማረው ነው ጥያቄዋ። የማውቀውን አወራኋት። በልጅነትህ የአሊዩ አምባውን ነጋዴ የሐጂ ታጁን አረማመድ ስታስመስል እሳቸው ራሳቸው ይስቁ እንደነበር፣ ቅኔ ቤት የመምህሩን ድምፅ አስመስለህ እንደተባረርክ፣ ደብረ ብርሃን ተማሪ ሳለህ በቲያትር ክበቡ ሁሉም አፍቃሪውን ልሁን ሲል የሽማግሌው ቦታ ላንተ እንደተረፈ ነገርኳት። አዲስ አበባም ሁለቴ ተፈትነህ ወድቀህ፣ የመድረክ ዕቃ ስትሸከም ቆይተህ፣ አንድ ተዋናይ የታመመ ቀን ተክተኸው እንደወጣህ አልደበቅኋትም። አባባ "የካህን ልጅ አዝማሪ አይሆንም" ካሉ ወዲህ ለአሥራ ሁለት ዓመት ስምህን አንሥተው እንደማያውቁ ግን ዋጥ አደረግሁት።

አባባ በሩ አጠገብ ዳዊት ይደግሙ ነበር። ልጅቷ ዞር ብላ፣ ልጅዎ ሲጫወት አይተው ያውቃሉ ወይ አለቻቸው። ዳዊታቸውን አጠፉና "አንድ ጊዜ" አሉ። እኔ ክው አልኩ።

ለካ ክበባችሁ ደብረ ብርሃን ቲያትሩን ያሳየ ዕለት፣ እኛን አሊዩ አምባ ገበያ እወርዳለሁ ብለው በሚኒባስ ወደዚያ ሄደው ኖሯል። ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላ ተቀመጡ። አንተ መቋሚያ ይዘህ ወጣህ፤ ከመናገርህ በፊት ሁለቴ ጉሮሮህን ጠረግህ። ሕዝቡ ሳቀ። "እኔን ነው የሚያስመስለኝ ብዬ ተናድጄ ልወጣ ስል፣ ሽማግሌው ልጁን ቀበረ" አሉ። "አልጮኸም፤ የነጠላውን ጫፍ ብቻ ያጥፋል፣ ይዘረጋል። ልጄን ወልደተንሣኤን የቀበርኩ ዕለት እኔ ያደረግሁትን ነው። ያኔ ይሄኛው ገና ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ይህን ሁሉ አይቶ ኖሯል።" ለምን አልነገሩትም ብላቸው፣ "ምን ብዬ ልጀምር?" አሉኝ።

አሁን እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ይኸውልህ። አባባ አዳራሹ ውስጥ እንደነበሩ ታውቅ ነበር? የወንድማችንን ቀብር እያሰብክ ነው የተጫወትከው ወይስ እጅህ ራሱ አስታወሰው? በዕድሜ እበልጥሃለሁ፣ አጠገባቸውም ቆሜ ነበር፤ እኔ እጃቸውን አላየሁም።

ባለቤቴ ገብረመንፈስቅዱስ እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሃል። ልጄ ፋና አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። ሐጂ ታጁም ዱዓ እያደረግሁለት ነው በይው ብለውኛል። አባባም ሰላም ብለውሃል፤ ስምህን ጠርተው። "የሚያስመስለው የድሮውን እኔን ነው። አሁን አረማመዴም ተለውጧል፤ መጥቶ ይየኝ" ብለዋል።

እህትህ ፍቅርተማርያም ኃይለኢየሱስ
ጎረቤላ፣ አንኮበር
ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.