ያላለቀው የውድድር ዘመንሽ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ደም ግፊትሽስ ልክ ገባ? ትንሽ ሲሻልሽ መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ፤ አውቅሻለሁ። የሱቅሽ ፎቶ ኮፒ ማሽንም ወረቀት መብላቱን ካልተወ ሽጪውና ተገላገዪው፤ ከእሱ ስትታገዪ ወገብሽ እንዳይቀር። እኔ ጠዋት ጠዋት የበላሁት አልረጋ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴም ደህና ነው። ሳህን ማጠብ ጀምሯል፤ በቅርቡ ሳህን አይኖረንም ማለት ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ልምምድ ካቆምኩ ሰንብቻለሁ። እንዳትደነግጪ፣ አልታመምኩም፤ ሐኪሟ ለጊዜው ዝላይ ይቅርብሽ ስላለችኝ ነው። ቤት መዋል ግን እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ። ግድግዳ ሳይ መዋሌን አይቶ ያዘነልኝ ባለቤቴ፣ የቅርጫት ኳስ ሊግ የሚመራበት የኮምፒውተር ጨዋታ ጫነልኝ። ተጫዋቾቹን ስም፣ ቁመትና ችሎታ ሰጥተሽ ትፈጥሪያቸዋለሽ፤ ማን ይግባ ማን ይውጣ የምትይው አንቺ ነሽ፤ ግጥሚያውን የሚያጫውተው ግን ኮምፒውተሩ ነው። መጀመሪያ የራሴን ክለብ ሠርቼ ሞከርኩት፤ ሥራ ሥራ አለኝ። ከዚያ ያንቺ የመጨረሻ የውድድር ዘመን ትዝ አለኝ፤ ክለቦቹ ለሴት ተጫዋቾች ደመወዝ መክፈል የጀመሩበት፣ አንቺ ጉልበቴን አሞኝ መሐል ላይ ተውኩት የምትዪው። እንዳለ አምጥቼ ላጫውተው ብዬ ተነሳሁ።

ለብቻዬ ግን አልቻልኩም። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የዚያን ጊዜ የስፖርት ጋዜጦች አገላበጥኩ፤ ውጤት ይናገራሉ እንጂ ስለ ሰው አይናገሩም። ስለዚህ የቡድናችሁን የመሐል ተጫዋች፣ ቀጭኔ የምትሏትን፣ አፈላልጌ አገኘኋት። አሁን መነጽር ቤት ትሠራለች፤ ዛሬም በር ስትገባ ጎንበስ ትላለች። እሑድ እሑድ ከሰዓት እየመጣች፣ ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ ሁላችሁንም በቃሏ ታስሞላኝ ጀመር። አንቺ ላይ ስንደርስ፣ ለማቀበል ከፍተኛውን ስጫት፣ ማጅራቷ ላይ ዓይን ነበራት አለችኝ። ለመከላከል ግን ዝቅ አድርጊው፣ እናትሽ ወደ ኋላ መሮጥ ሞቷ ነበር አለች። የራሷን ምስል ስክሪኑ ላይ ስታይ ደግሞ፣ ምን በድዬሽ ነው እንዲህ ያወፈርሽኝ ብላ ተቀየመች። አቀጠንኳት።

የዘመኑ አጋማሽ ላይ ስምሽ ከጋዜጣው ጠፋ። ጨዋታው ጉዳት መመዝገብ ይፈቅዳልና፣ የትኛው ጉልበቷ ነበር፣ ግራው ነው ቀኙ ብዬ ቀጭኔን ጠየቅኳት። ሻይዋን አስቀመጠችና፣ የምን ጉልበት ነው የምታወሪው ልጄ አለችኝ። ከዚያ ነገረችኝ። አሰልጣኛችሁ ልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ውስጥ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ወይ ኳሱን ወይ ይሄን ነገር ምረጪ እንዳለሽ። አንቺም ማልያሽን አጣጥፈሽ አግዳሚው ላይ እንዳስቀመጥሽለት። የቀሩትን ግጥሚያዎች፣ ካፖርትሽ አልቆለፍ እስኪልሽ ድረስ፣ ከተመልካች ጋር ተቀምጠሽ እንዳየሽ። ወሩን አሰላሁት እማዬ። የተወለድኩበትን ቀን መቼም አውቃለሁ።

ጉዳት የሚለውን አልነካሁትም። ባለቤቴ፣ እንዳልወጣች አድርገሽ አጫውቻት፣ ዋንጫውንም ትውሰድ አለኝ። እምቢ አልኩ። እሷ ካልወጣች እኔ የት ልሆን ነው አልኩት። አሳረፍኩሽ። ቡድናችሁ ያለ አንቺ፣ ልክ እንደዚያን ጊዜው፣ ሦስተኛ ወጣ። ዘመኑ ሲያልቅ ግን ኮምፒውተሩ አንድ ጥያቄ አመጣ፤ ለረጅም ጊዜ ያልተሰለፈችው ተጫዋች ትሰናበት ወይስ ትቆይ ይላል። ቀጭኔ ክንዴን ጨበጠችው። ትቆይ የሚለውን ተጫንኩ።

ተመለስሽ። መጀመሪያ እግርሽ ተሳስሮ ነበር፤ ኳስ ባባከንሽ ቁጥር የማፍረው እኔ ነኝ። ከተቀያሪ ወንበር እያስነሳሁ ቀስ በቀስ ደቂቃ ጨመርኩልሽ፤ ወደ ማብቂያው ቋሚ ሆንሽ። ለፍጻሜም ደረሳችሁ። በመጨረሻዋ ኳስ ሁለት ሰው አልፈሽ ለቀጭኔ አቀበልሻት፤ ሳተችው፤ በአንድ ነጥብ ተሸነፋችሁ። ቀጭኔ፣ አንቺ ቁመት ብቻ ብላ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ራሷን ሰደበቻት። ስቃ ስቃ ሲወጣላት መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች።

በማግስቱ ተነስቼ ክለባችን ቢሮ ሄድኩ። አሰልጣኜ እንደ አንቺ አሰልጣኝ ባለጌ አይደለም፤ ወንበር ስቦ፣ ውሃ ቀድቶ ነው ውልሽን በሰላም ብናፈርሰው ያለኝ። አላፈርስም አልኩት። ለሚመጣው ዘመን ቦታዬ እንደሚጠበቅልኝ በጽሑፍ ስጠኝ አልኩት። እዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም አለኝ። እንግዲያው አሁን ይደረግ አልኩት። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሰደደኝ፤ ሥራ አስኪያጁ መልሶ ወደ እሱ ሰደደኝ፤ እንደ ኳስ ተቀባበሉኝ። ተቀባብለው የሚያደክሙኝ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን በሄድኩ ቁጥር የምለው ያንኑ ነው። ትናንት ሁለቱም ባሉበት ፈረሙልኝ።

ለምን ደበቅሽኝ ብዬ አይደለም የምጽፍልሽ። ሸክም ነበርኩ ብዬ እንዳላስብ ብለሽ ነው፤ ገብቶኛል፤ ማብራሪያም አልፈልግም። የምፈልገው መምጣትሽን ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሱቁን ለጎረቤትሽ አደራ ብለሽ ነዪልኝ፤ ስትመጪም ልብስሽን በርከት አድርገሽ ያዢ፣ ለሳምንት የሚሆን አይደለም። ባለቤቴ ሥራ ይውላል፣ እኔም ውሎ አድሮ ልምምድ እመለሳለሁ፤ ቤት ውስጥ የማምነው እጅ ያስፈልገኛል። የግጥሚያ ቀን ግን ቤት መቅረት የለም። ሁለታችሁም፣ አንቺም የምታቅፊውም፣ መጥታችሁ ከፊት ወንበር ትቀመጣላችሁ። ጩኸቱ ሲበዛ ጆሮ ትሸፍኛለሽ፤ የራስሽን አይደለም።

ዕድሜና ጤና ሰጥቶ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን። እስክትመጪ ደጅሽን ይጠብቅልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ እኔንም ምርቃትሽ አይለየኝ።

የምትናፍቅሽ
ልጅሽ