የኮራ ወንበር

ለውድ እህቴ ለቬልማ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? እማዬን ወገቧ በዚህ ብርድ እንዴት አደረጋት? የአባባ ሳል ለቀቀው ወይስ አሁንም ጎረቤት ይቀሰቅሳል? ኔብራስካ በረዶው በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ለላሞቹ እንኳ ተጨንቄያለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ የሎስ አንጀለስ ፀሐይ በብርዱ ወራትም አትደክም።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። እኔ የምሠራበት የካርቱን ፊልም መሥሪያ ቤት መቀጠርሽን ሳነብ እልል ማለት ሲገባኝ ይህን ልጽፍልሽ ተቀመጥሁ። ቬልማዬ፣ አትምጪ። ምቀኝነት እንዳይመስልሽ፤ ስሚኝ።

እዚህ ወንዶቹ በእርሳስ ይስላሉ፤ እኛ ሴቶቹ ነጭ ጓንት አጥልቀን ሥዕሉን ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ የሴሉሎይድ ሉህ ላይ በቀለም እንገለብጣለን። ፊልሙ ከተነሣ በኋላ ሉሆቹ ምድር ቤት ወርደው ይታጠቡና ደግመው ይሠራባቸዋል። ወር ሙሉ የደከምንበት ጥንቸል በአንድ ባልዲ ውኃ ድራሹ ይጠፋል። እሱስ ይሁን፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ሉሁ ግን እሳት ሲያገኝ ባሩድ በይው፤ ውኃ ቢደፉበትም አይጠፋም። ያረጀው ክምር ደግሞ መኮምጠጥ ጀምሯል፤ ሽታው ቀሚሴን ባጥበውም አይለቅም።

ወንዶቹ ይህን እያወቁ ይጫወቱበታል። ሰው አዲስ ቦታ ሲይዝ የሉህ ቁራጭ በወረቀት ጠቅልለው ከወንበሩ ሥር ይለኩሳሉ። እያፏጨ ይወረወራል፤ ባለተራዋ ትጮኻለች፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እኔንም የተቀበሉኝ እንዲሁ ነው፤ አብሬ ስቄ ነበር። ባለፈው ወር ምሳ አብራኝ የምትበላው ኮራ ሉህ ልታጥብ ምድር ቤት ተዛወረች። ሎይድ የሚባለው ዋና ቀልደኛቸው ወርዶ ለኮሰላት። ቁራጩ ተወርውሮ የሉህ ቅርጫት ውስጥ ገባ። ቅርጫቱን አቅፋ ወደ ግቢ ባትሮጥ ኖሮ ዛሬ የሚጽፍልሽ አልነበረም። እጆቿ ግን እጅ መሆናቸው ቀረ።

ስጮኽበት ሎይድ "ምነው የኔ እመቤት፣ ለጨዋታ እኮ ነው! ሞተች እንዴ?" አለኝ። አለቃችን ሚስ ብሊቨንስም "አፍሽን ያዢ፤ ደጅ ስንት ሴት ተሰልፋለች" ብላ አለፈችኝ። ተናድጄ አለቀስሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ለአንቺ የተሰጠሽ የኮራ ወንበር ነው። ዛሬ ወርጄ አየሁት። ወንዶቹ ከማመልከቻሽ ጋር የላክሽውን ፎቶግራፍ አይተው ሥዕልሽን ወረቀት ላይ ስለው መደገፊያው ላይ ለጥፈዋል። የጉንጭሽን ስርጉድ እንኳ አልሳቱትም። የቀሚስሽ ጫፍ ይነድዳል፤ አንቺ ትስቂያለሽ። ከወንበሩ ሥር ቁራጩ ተጠቅልሎ ይጠብቅሻል። አንሥቼ ጣልሁት፤ ሌላ እንደሚጠቀልሉ ግን አውቃለሁ።

አንቺ ከቀረሽ ወንበሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ሚስ ብሊቨንስ ቁርጡን ነግራኛለች። ግድ የለም፣ እኔ ቢያንስ ሎይድን አውቀዋለሁ። ወደ ግቢ የሚያወጣውን በር ከፍቼ እሠራለሁ። አንቺን እዚያ ከማይ ይሻለኛል።

እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የሰፋችልሽን የመንገድ ቀሚስ ለቤተ ክርስቲያን ልበሽው። አባባን ሽሮፑን ካልጠጣ መጥቼ እቆጣዋለሁ በይልኝ። ወንድማችን ኦሪን በረዶው ላይ በብስክሌት አይፎክር። አጎታችን ክላይድንም ሰላም በይልኝ።

ሥዕልሽን አጥፌ ልኬልሻለሁ። እማዬ ሳታየው ምድጃ ውስጥ ክተቺው። አትፍሪ፣ እሱ ወረቀት ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚነድደው።

እህትሽ አርዲስ
ሎስ አንጀለስ፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 1937