የአጥንት ዓሦች

ዓርብ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.
ኦክላንድ

ለእናቴ፣

እንዴት ነሽ እማዬ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ ደኅና ነኝ። ደብዳቤ ጽፌ ስለማላውቅ ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል፤ ማን እንደሚያደርስልሽም አላውቅም። ከመስቀል ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም። አክስቴን ደውዪልኝ ስላት፣ «ጸበል ገብታለች፤ እዚያ ስልክ አይሠራም» ትለኛለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ አክስቴ ፓሎ አልቶ ወደምትሠራበት ቤት ይዛኝ ትሄዳለች። የምትንከባከባቸው አሮጊት ሚስ ሲግኔ ይባላሉ፤ የስዊድን ሰው ናቸው። ኪሌ የሚባል የአገራቸውን የካርታ ጨዋታ አስተምረውናል። ለእያንዳንዳችን አንድ ካርታ ይታደላል፤ ካርታውን ያልወደደ ከጎኑ ካለው ጋር ይለዋወጣል። መጨረሻ ላይ ዝቅተኛው ካርታ የተገኘበት ሰው አንድ ዓሣ ይከፍላል። ዓሦቹ ከአጥንት የተቀረጹ ናቸው፤ ትንንሽ፣ ብዙ እጅ ነክቷቸው የለሰለሱ። የአያታቸው ነበሩ። ዓሣው ያለቀበት ከጨዋታው ይወጣል።

ድሮ እሳቸውን የሚያሸንፍ አልነበረም። አክስቴ፣ «እኚህ ሴትዮ ለጾም እንኳ አንድ ዓሣ አያስተርፉልኝም» እያለች ታስቀኝ ነበር። አሁን ግን ይረሳሉ። የአበባ ማሰሮ የተሳለባትን ካርታ ይዘው አሸነፍኩ ይላሉ፤ ያቺ ካርታ ደግሞ ከታች ከሚቆጠሩት ናት። አክስቴ በአማርኛ፣ «ዝም በይ፣ ዓሣቸው እንዳያልቅ ከራስሽ ሙዪላቸው። ክፉ ነገር ለሰው እንዲህ በድንገት አይነገርም» አለችኝ። ስለዚህ ከራሴ ዓሣ እያነሣሁ ቀስ ብዬ ወደ እሳቸው እገፋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ስገፋ እጄን ያዙኝ። አክስቴ ኩሽና ነበረች። አልተቆጡም። «ከጨዋታ ወጥቼ ከሆነ ንገሪኝ» አሉኝ። «ቁጭ ብዬ እናንተን አያለሁ። ሳይነግሩኝ ብቻዬን ስጫወት መቆየት ግን አልፈልግም።»

እማዬ፣ ከዚያ ወዲህ የራሳችንን ቤት ልብ ብዬ ማየት ጀመርኩ። አክስቴ ጥቁር ሹራቧን አታወልቅም፤ ቤቱ ይበርዳል ትላለች። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ማታ ማታ ይመጣሉ። እኔ ስገባ ወሬያቸውን ያቆሙና «ስኩል እንዴት ነው?» ይሉኛል። ትናንት ከእነሱ አንዷ፣ እትዬ ፋንታዬ፣ ጉንጬን ይዘው ሳሙኝና መታጠቢያ ቤት ገቡ፤ ቶሎም አልወጡም። እሁድ ገና ሳይነጋ ሁሉም እንደሚመጡ ሰማሁ። ለምን ብዬ ስጠይቅ አክስቴ ፊቷን አዙራ፣ «እንዲሁ ነው፤ ቁርስ አብረን ልንበላ» አለችኝ።

እኔም ዓሣ እየተገፋልኝ ይመስለኛል።

ሌላ ምን ልጽፍልሽ እንደምችል አላውቅም። ባለሽበት ሁሉ እግዚአብሔር አይለይሽ። ነገ ለሚስ ሲግኔ ዓሣ አልገፋላቸውም። «ወጥተዋል» ብዬ እነግራቸውና ሄጄ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ እሁድ ሳይደርስ፣ አክስቴን «ለእኔም ንገሪኝ» እላታለሁ።

ልጅሽ