ከገላባት የመጣው ፓምፕ

ማክሰኞ
ሳጥኑ አዲስ፣ ቀለሙ አዲስ። እኔ ግን አላመንኩትም። የመርጫ አውሮፕላናችን የነዳጅ ፓምፑ ከተበላሸ ጀምሮ ቆሟል። ዛሬ የእርሻው ባለቤት አቶ ደምሴ ይህን ፓምፕ ከመተማ ዮሐንስ ገዝተው መጡ። ከሱዳን በኩል ከገላባት የተሻገረ ነው አሉ። «ኦርጅናል ነው ልጄ፣ ኻላስ፣ አለቀ! ነገ ትነሳለች።»
ወረቀቱ ፎቶ ኮፒ ነው። የፈረመው ሰው ስም አይነበብም። ቁጥሩ የተመታበት ቦታ ሲዳሰስ ጎድጎድ ይላል። ተፍቆ ይሆን? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። መካኒኳ እኔ ነኝ፤ ካልፈረምኩ አውሮፕላኑ አይነሳም። አልፈረምኩም።

ረቡዕ
ትሉ ሰሊጡን እየበላው ነው። አቶ ደምሴ የተበላ አገዳ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉት። «ትራክተሮቼ ሁሉ በገላባት ዕቃ አይደል የሚያርሱ?»
ትራክተር ቢቆም ሹፌሩ ወርዶ ይሳደባል። የእኛ የሚበረው ከሰሊጡ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ሞተሩ ቢጠፋ አብራሪያችን ካፒቴን ሳሙኤል ማረፊያ የሚመርጥበት ጊዜ የለውም። ማዶ ማሳው ላይ ደግሞ ከጎጃም የመጡት ሳሉጎች፣ የቀን ሠራተኞቹ፣ እያረሙ ነው።
ሳሙኤል ራሱ «ሰብለ፣ አንቺ ደግሞ ጥርጣሬሽ በዛ። ግጠሚውና እንሞክረው» አለኝ። የሚበርበት እሱ፣ የሚቸኩለው እሱ!
የጠረጠርኳቸው፦ ነጋዴው። አቶ ደምሴ። ሳሙኤል (ምን ቃል ገብተውለት ይሆን?)።

ሐሙስ
ቀለሙን በቲነር ጠረግኩት። ከሥሩ በምስማር የተመታ ሦስት ነጥብ ወጣ።
የእኔ ምልክት ነው። አምና ከዚሁ አውሮፕላን አውጥቼ፣ አይሠራም ብዬ የመታሁት። ስፈታው ዘንጉ ላይ አምና ያየሁት እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አሁንም አለ።
ደንቡ እንዲህ ያለ ዕቃ ተሰባብሮ ይጣል ይላል። እኔ ግን ገንዳ ውሃ ከተማ የትራክተር ጋራዥ ላላቸው ለጋሽ ዘውዱ ሰጠኋቸው። «ብረት ይጣላል እንዴ ልጄ? ለአንድ ነገር ይሆነኛል» ሲሉኝ፣ እምቢ ማለቱ ነውር መሰለኝ። እዚህ አገር ብረት የሚጥል የለም።
ትናንት ስም ስደረድር የራሴን አልጻፍኩም። አፈርኩ።

ዓርብ
ጋሽ ዘውዱ ዘንድ ሄድኩ። አልካዱም። «ከቁርጥራጩ ጋር ለገላባት ሰዎች ሸጥኩት። ምን አጠፋሁ?» ያጠፋሁት እኔ ነኝ።
ማታ ለሳሙኤል ሁሉንም ነገርኩት። «ብትፈርሚ ኖሮ ነገ ለቅሶዬ ላይ ትቀመጪ ነበር» አለኝ። ሳሙኤል የቸኮለው፣ አቶ ደምሴ ሌላ አብራሪ አመጣለሁ ስላሉት ነው። በከንቱ ጠረጠርኩት።
አቶ ደምሴ ጮሁ፣ ተሳደቡ። ስንጥቁን በአጉሊ መነጽር ሳሳያቸው ግን አማተቡና አዲስ አበባ ደወሉ።

ቅዳሜ
ትክክለኛው ፓምፕ ከአዲስ አበባ ተነስቷል ተባለ። መንገዱን እግዜር ይወቀው። ትሉ አልቆመም።

እሑድ
ፓምፑ ሌሊት ደረሰ። ወረቀቱ ሙሉ ነው፣ ቁጥሩንም ደውዬ አረጋገጥኩ። ገጠምኩ። ፈረምኩ። ሳሙኤል በረረ፣ ረጨ፣ አረፈ። እፎይ! አሮጌውን ሁሉም እያዩ ድንጋይ ላይ አድርጌ በመዶሻ አደቀቅኩት። አቶ ደምሴ እንኳ ሳቁ።
መሰበሩን ልመዘግብ የአምናውን ደብተር ገለጥኩ። አምና ሦስት ነጥብ የመታሁት ሁለት ፓምፕ ነው፤ ሁለተኛውን ረስቼው ነበር። ጋሽ ዘውዱ ጋ ደወልኩ። «አዎ ልጄ፣ ሁለት ነበሩ። አብረው ነው የሄዱት።»
በገለጉ በኩል ሌላ እርሻ በመርጫ አውሮፕላን እያስረጨ ነው። ሳሙኤል እንደሚለው እነሱም ሰሞኑን ከገላባት ፓምፕ ገዝተዋል። የመካኒካቸውን ስልክ ሰጠኝ። አራት ጊዜ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም።
ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ነፋስም የለም። ለመርጨት ጥሩ ቀን ነው።