ሦስተኛ ማርሽ ላይ የቀረችው መኪና

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከሰዓት።

ዛሬም ጀርባዬ ካርቶን ላይ፣ አፍንጫዬ ከካምቢዮ፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ሥር። የደ/ታቦር ብርድ አጥንት ይገባል። መፍቻው እጅ ላይ ይጣበቃል።

የሲ/ር የሺ መኪና ናት። ትንሽ፣ ነጭ፣ ኦቶማቲክ። ሲ/ር የሺ በጉና በኩል ያለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት፤ ከዚህ ትመላለሳለች። ቅዳሜ ምጥ የጠናባትን ሴት ከኋላ አስተኝታ ወደ ሆስፒታል ስታመጣ ዳገት ላይ መኪናዋ እምቢ አለቻት። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ተቸክላ ቀረች። ገብስ አጫጆች ማጭዳቸውን ጥለው ገፉላት። እናትም ልጅም ደህና ናቸው፣ ተመስገን። ሲ/ር የሺ ግን ፈርታለች። መኪናዋ ካልዳነች ሸጣት ወደ ከተማ ዝውውር ልትጠይቅ ነው። "ሁለተኛ እንደዚያ ያለ ነገር አልችልም ብርቄ" አለችኝ።

ጋሽ አስራት፣ የጋራዡ ባለቤት፣ ሙያውን ያስተማሩኝ፣ ካምቢዮው ይውረድና ይከፈት ባይ ናቸው። እኔ ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው ባይ ነኝ። ጥቂት ቀን ይስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው። መልሳቸው፣ "እስከ ሐሙስ ካላገኘሽው እናወርደዋለን።"

ለምን እንደምፈራ ለአንቺ ልንገርሽ ማስታወሻዬ። እዚህ እኛ ጋ አንዴ የተከፈተ ኦቶማቲክ ካምቢዮ እንደ ነበረው ሆኖ ሲገጠም አይቼ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9።

ግቢ ውስጥ ጤነኛ ናት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ እንደ ቅቤ። የካምቢዮውን ዘይት አወጣሁ፤ ቀይ፣ ንጹሕ፣ የመቃጠል ሽታ የለውም። የብልሽት ማንበቢያ መሣሪያውን ከመኪናዋ ኮምፒውተር ጋር ሰካሁ። ከኮምፒውተሩ ወደ ካምቢዮው የሚሄድ አንድ የኤሌክትሪክ መስመር ተቋርጦ ነበር ይላል። በቴስተር ለካሁት፤ አልተቋረጠም! ተናደድኩ። ምሳ አልበላሁም።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ካምቢዮው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው የዘይቱን መንገድ የሚከፍቱና የሚዘጉ ትናንሽ ቫልቮች አሉ። ማርሽ የሚቀያየረው በእነሱ ነው። የአንዱ መስመር ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ይለቃቸዋል። ያኔ ዘይቱ ብቻውን የሦስተኛን መንገድ ይዞ ይቀራል። እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው። ለዳገት ደካማ ነው፤ መንገድ ላይ ግን አይጥልሽም። ሞተሩ ጠፍቶ እስኪነሳ ድረስ ኮምፒውተሩ ሌላ ማርሽ አይሞክርም። እዚህ ስትደርስ ጤነኛ የምትሆነውም ለዚህ ነው።

ይህን ያሰበው ሰው ማን ይሆን? አንድ ቀን አንዲት ሽቦ እንደምትበጠስ፣ ነጂው ከቤቱ ርቆ እንደሚሆን አስቀድሞ የታየው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10።

ከጋሽ አስራት ጋር ወደ ጉና። እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው ቴስተሩን ታቅፈው አጠገቤ። ሜዳው ላይ ምንም የለም። ዳገቱ ሲጀምር የማስጠንቀቂያ መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። ሦስተኛ ላይ ያዘች! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። መኪና ሲበላሽ የሚደሰት ሰው።

ሞተሩን አጥፍቼ ዳር ያዝኩ። ወደ ካምቢዮው የሚገባውን የሽቦ ሶኬት ነቀልኩ፤ የእጄን አንጓ ፈጀኝ። መጀመሪያ ወደ ካምቢዮው በኩል ለካሁ። ደህና። ካምቢዮው ንጹሕ ነው! ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደውን። እሱም ደህና። ታዲያ የተቋረጠው የቱ ነው?

ጋሽ አስራት፣ ዳገት ሲጎትት ሞተሩ ወደ ኋላ ይጋደላል፣ ሲጠፋ ግን ይመለሳል አሉ። እንጨት ፈልገው ሞተሩን ገፋ አደረጉት። ቴስተሩ ላይ ቁጥሩ ጠፋ። ለቀቁት፤ ተመለሰ። ደግመው ገፉት፤ ጠፋ። ተያየን።

ከዚህ በፊት የነካት ሰው የሽቦዎቹን እስር አጥብቆ ከሻንሲው፣ ከማይነቃነቀው የመኪናዋ ብረት፣ ጋር አስሮታል። ሞተሩ በተጋደለ ቁጥር አንዷ ሽቦ ትጎተታለች። ላስቲኳን ስሰነጥቀው መዳቡ ከውስጥ ተበጥሷል። ከላይ ምንም አይታይም። ሜዳ ላይ ጫፍና ጫፉ ይነካካል፣ ዳገት ላይ ይለያያል። ከፀጉር የማይበልጥ ክፍተት። በዚያች ክፍተት አንዲት ምጥ ላይ ያለች ሴት መንገድ ላይ ልትቀር ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ማታ፣ 12 ሰዓት።

ሽቦዋን ቀየርኩ፣ በየድኳት፣ ላላ አድርጌ አሰርኳት። ሲ/ር የሺ መጣች። ልንሞክራት ስንል ጋሽ አስራት "እስቲ እኔ" አሉ። ኦቶማቲክ ነድተው አያውቁም! ግራ እግራቸው ኦቶማቲክ ላይ የሌለውን የፍሪሲዮን ፔዳል ፍለጋ ወለሉን ይዳብሳል። ዳገቱ ላይ መኪናዋ ራሷ ማርሽ ቀነሰች። እጃቸው ከመሪው ላይ ተነሣ። "አወቀችው እኮ! ዳገቱን አወቀችው!" እንደ ልጅ ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ሲ/ር የሺ ከኋላ ሆና ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ስለ ዝውውሩ ብጠይቃት፣ "ተይኝ እባክሽ፣ ነገ ተረኛ ነኝ።"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13።

ትናንት ሚካኤል ስለነበር ጋራዥ ዝግ። ዛሬ ገና ስገባ ጋሽ አስራት ከጓሮ ጠሩኝ። ሐሙሲት ከተማ አጠገብ የተገለበጠ መኪና ካምቢዮ ገዝተው አስመጥተዋል፣ ኦቶማቲክ። የማን መኪና ላይ ሊገጠም ነው ብላቸው፣ የማንም ላይ አይገጠምም አሉ። ዘይቱን አፍስሰን ጠረጴዛው ላይ አወጣነው። ከባድ ነው። ሰኞ እንከፍተዋለን። ልንጠግነው አይደለም። ልናየው ብቻ።