ከእትዬ ድንቅነሽ ቤት የመጣው እርሾ

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለአንለይ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የመልካ ወረር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወባውስ ማረህ? ጥጥ የሚለቅሙት ጣቶችህስ ደህና ናቸው ወይ? እኛ አንተን ከማሰብ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ላሟም ደህና ናት፣ አያታችን አብዬ ውባየሁም ደህና ናቸው። እንደ ድሮው ዳዊት ሲደግሙ እንቅልፍ ይወስዳቸውና ማንኮራፋቱ ላይ ሲደርሱ እናታችን «አሜን» ትላለች።

ወንድሜ፣ በጣራ ገዳም መነኮሳት ፊት እንደ ቆምኩ ቆጥረህ ኑዛዜዬን ስማ። እኔ ኃጢአተኛዋ እኅትህ በእናቴ ጌሾ ላይ ተንኮል ሠርቻለሁ። ለገብርኤል ጠላ ጌሾ እንድገዛ ገበያ ላከችኝ፤ እኔ ግን ግማሹን ብቻ ገዝቼ በቀረው ለአንተ መጻፊያ ወረቀትና ፖስታ ገዛሁ። ደብዳቤው መረር ካለህ የጌሾው ነው።

ጥንስሱ እንዳይሰንፍ ደግሞ መላ ዘየድኩ። ጎረቤታችን እትዬ ድንቅነሽ ጠላቸውን ጨርሰው ጋን ሊያጥቡ ሲሉ ደረስኩና፣ ከታች የዘቀጠውን አተላ ለእርሾ በቅል ለመንኳቸው። ያ እርሾ ከገባ ጌሾው ቢያንስም ጥንስሱ ይነሣል።

«ለምን ድግስ ነው?» አሉኝ። «ለገብርኤል» ማለት ሲገባኝ «ለማኅበራችን» አልኩ፣ ምላሴ ልቤን ቀድሞት። «ማኅበራችሁማ ባለፈው ወር ወጣ፤ እኔም ጠጥቻለሁ» አሉ። «እንግዲያው ለአይጦቹ ነው፤ እነሱም ጽዋ ጀምረዋል» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ቅሉን ሞልተው ሰጡኝ።

እናታችን ይህን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። በሰፈራችን እርሾ የሰጠ ቤት፣ ጋኑ ሲከፈት የመጀመሪያውን ዋንጫ ይቀምሳል፤ በር አይዘጋበትም። የእትዬ ድንቅነሽ ባል አቶ ቢሻው ደግሞ የቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ ናቸው። ለብሔራዊ ውትድርና ስምህ በተጠራ ማግስት አንተን ፍለጋ ጎተራችንን በዘንግ የወጉት እሳቸው አይደሉም? ጠላው ለካ ለአንተ ኖሯል! እናታችን ለገብርኤል ሹልክ ብለህ እንድትመጣ በሾፌር መልእክት ልካብህ ለእኔ አልነገረችኝም። ምላሴን ስለምታውቀው ነው።

ወዲያው አቶ ቢሻው ራሳቸው መጡ። ጋኑ አጠገብ ሲቀመጡ ከሁለቱ የትኛው እንደተጠነሰሰ ለመለየት ያስቸግር ነበር። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና «የእኛ እርሾ ፈጣን ነው» አሉ። ቀጥለው «አንለይስ ደህና ነው? የገብርኤል ዕለት ቀማሾች ይዤ እመጣለሁ» አሉ። እናታችን «ቤት ለእንግዳ» አለች። ሌላ ምን ትበል?

ከዚያ ወዲህ ከሐሙሲት የሚመጣው አውቶቡስ ሁሉ ከተማው መግቢያ ላይ ለፍተሻ ይቆማል፤ ወጣት ወጣቱ ይወርዳል። የእናትነሽን ልጅ የሻውን ሩዝ ሲያጭድ ከማሳው ወሰዱት፤ ማጭዱ ጭቃው ላይ ቀረ። ጋናችን ቀንም ሌሊትም ይፈላል፤ ውስጡ ሰው ተደብቆ የሚተነፍስ ይመስላል። እናታችን ልድፋው ትልና፣ ለምን ደፋችሁት ቢሉንስ ብላ ትተዋለች። አብዬ ውባየሁ «በተለመነ እርሾ የተጠመቀ ጠላ ራስ ያዞራል» ብለዋል። ያልተለመነውንም ጠጥተው ሲዞሩ አይቻለሁ፤ ዘንድሮ ግን እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ወንድምዬ፣ አትምጣ። እናታችን የላከችብህን እንዳልሰማህ ሁን። ተነሥተህም ከሆነ ከደረስክበት ተመለስ።

እናታችን ጉንጭና ጉንጭህን ትስማለች። አብዬ ውባየሁ ሲነቁ ይመርቁሃል። ትንሿ እኅታችን ንግሥቲ የፊት ጥርሷ ወልቆ ሰላምታዋ ያፏጫል።

እኅትህ ጽጌሬዳ
ወረታ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1980 ዓ.ም.

ፖስታውን ሳላሽግ ይህን ልጨምር፦ አቶ ቢሻውን፣ አንለይ ሚስት አግብቶ ወደ ጎንደር ሄደ እንላቸዋለን ብለን ተማክረናል፤ ማንም ቢጠይቅህ አንተም እንደዚያው በ

ደጁ ጨለመብኝ። ሰው ቆሟል፤ የእናታችን ጥላ እንዲህ አይሰፋም፤ ይህስ ጋን ያክላል።

«ጽጌሬዳ!»